ጥጋኝ

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከቆርቆሮው በታች፣
ሲንጀሬ በግሬ ሃያ ዓመት ሮጠች፤
እኔ ቁጭ ብዬ፣ እሷ እየተጓዘች፣
የስንቱን የሰርግ ልብስ ካካሉ አስታረቀች።

በአንዱ ጥቅምት ነበር፣ የጦሳ ውርጭ ሲወርድ፣
ውስጥ ለውስጥ ጀመረ ተረከዜ መንደድ።
ቀን ፔዳል ስረግጥ ዝም፣ ሌሊት ሌሊት ጩኸት፣
አንሶላው ሲነካው እንደ ነካው እሳት።
እንቅፋት አልመታኝ፣ ከደረጃ አልወደቅሁ፤
ቁስል የሌለው ሕመም፣ ለማውራትም አፈርሁ።

ማነከሴን ያየ ግን ምክር አላጣልኝም፦
ሥጋ ሻጩ ሙሄ፣ "በጨው ውሃ ዘፍዝፈው"፤
እትዬ ፋጤ ደግሞ፣ "መጋኛ ነው የያዘው"፤
ጎረቤቴ ይማም፣ "ጫማህ ጠቦህ ነው"።
በነጠላ ጫማ ምን ጥበት አለው?

ሐይቅ ድረስ ወረድሁ፣ ከወጌሻው ደጃፍ፤
አባ ጌትዬ ዳሰሱኝ፣ ባውራ ጣታቸው ጫፍ፤
ዓይን ጨፍነው ቆዩ፣ አድማጭ ይመስል፤
"ልጄ" አሉኝ ኋላ፣ ድምፃቸው ዝቅ ሲል፣
"ስብራትን አውቃለሁ፣ ወለምታም አውቃለሁ፤
ይሄ ግን ከውስጥ ነው፤ እጄን አነሳለሁ።
ሂድ፣ ውስጥ የሚያይ ዘንድ።"
ብር ብዘረጋላቸው አልተቀበሉኝም፤
እስከዚያች ቀን ድረስ ፈርቼ አላውቅም።

ደሴ ሆስፒታል፣ የራጅ ክፍል። ብረቱ ይበርዳል።
"አትንቀሳቀስ" ሲል ባለራጁ ከደጅ፣
እግር መሆኑን ረሳሁ፣ ትንፋሼን ያዝሁ እንጅ።
ዶክተር ሐረገወይን ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታነሣው፣
ያን ጊዜ አየሁ ተረከዜን፤ አጥንቱ ነጭ ነው፤
መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ፣ ብል እንደ በላው፣
ጠርዙ ግን ጥርት ያለ፣ በነጭ ክር የተዘመዘመው።

"እጢ ነው" አለችኝ።
ከዚያ ወዲያ ያለችው ጆሮዬ አልገባም።
አስራ አንድ ቀሚስ አለ፣ ተቆርጦ ያልተሰፋ፤
የክር ዕዳ አለብኝ፤
የምሞት ከሆነ የሱቁን ቁልፍ ለማን ልስጥ?

ናሙና ወሰዱ። ሦስት ሳምንት ጠብቅ ተባልሁ።
መርፌ ወግቶኝ ያውቃል፣ ጣቴን፣ ሺ ጊዜ፤
ከመርፌ ጫፍ ግን ወሬ አልጠበቅሁም በትካዜ።

"ክፉ አይደለም" አለች፤ "ካንሰር የሚሉት አይደለም፤
ወደ ሌላ አይሄድም፣ በደምህም አይዛመትም።
ቤቱን ግን ያሰፋል፤ ግድግዳው ከሳሳ፣
ይሰበራል አንድ ቀን፣ ካልጋህ ስትነሣ።
ፍቀን እናወጣለን፣ ጉድጓዱም ባዶ አይቀርም፤
ካንተው ዳሌ እንቆርሳለን፤ ካንተ የሚሻል የለም።"

ሳቅሁ።
"ምን ያስቃል?" አለች።
"ዶክተር፣ ይሄማ የኔ ሙያ ነው!
የተቀደደ ሱሪ ሲመጣ፣ ጥጋኙን ከሱቅ አልገዛው፤
ከእግሩ እጥፋት ነው የምቆርሰው፣ ማንም ከማያየው፤
ቀለሙ አብሮ የለቀቀ፣ ባንድ ሳሙና የታጠበ ነው።"

ከወገቤ በታች ደነዘዝሁ፤ ጆሮዬ ግን ነቅቷል፤
ከመጋረጃው ማዶ፣ ድስት እንደሚፋቅ፣ ብረት ይፍቃል።
ሰባት ስፌት ከተረከዝ፣ አምስት ደግሞ ከዳሌ፤
ሲፈታ አየሁት፣ ደህና ነው።
በኔ ዓይን ትንሽ ተራርቋል፤ ምን ላድርግ፣ አመሌ።

ሁለት ወር አትርገጥ ተባልሁ። ዘምዘም፣ ተለማማጄ፣
በርጩማ ስባ ከጎኔ፣ ፔዳሉ በእሷ እግር፣ ጨርቁ በኔ በእጄ።
"ቀስ!" ስላት ትሮጣለች፤ "ቁሚ!" ስላት ትቀጥላለች፤
አንድ እጅጌ ጠማማ ወጣ፤ ባለቀሚሷ ዛሬም ትለብሰዋለች።

አሁን ፔዳሉ የኔ ነው። ተረከዜም ዝም ብሏል፤
ጥጋኙ ከጨርቁ ጋር፣ ፎቶው ላይ፣ አንድ ሆኗል።
ጥቅምት ሲመጣ ግን፣ የጦሳ ውርጭ ሲወርድ፣
ዳሌዬ ነው የሚያመኝ፤
የሰጠው።